ሐይም ዋይዝማንና የበቆሎው ባክቴሪያ

ሐይም ዋይዝማን በዓለም ዘንድ የሚታወቁት የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ግን የኬሚስትነት ሕይወታቸው ነው።

ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1874 በዛሬይቱ ቤላሩስ፣ በፒንስክ አጠገብ በምትገኘው ሞታል ከአንድ የእንጨት ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በጀርመንና በስዊስ ተምረው በ1899 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በ1904 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዚያም ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት ከሚጥር ቡድን ጋር ተባበሩ። ለጎማው የሚያስፈልገውን ቡታኖል ከእህል የሚያወጣ ባክቴሪያ መፈለግ የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1912 ከቡድኑ ቢለያዩም ፍለጋውን አላቋረጡም።

ባክቴሪያውን የመረጡበት ዘዴ ቀላል ነበር። ጥንስሱን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያቆዩታል። በዚህን ጊዜ ደካማው ሁሉ ያልቃል፤ ስፖር በሚባለው ጠንካራ ልባስ የተሸፈነው ብቻ ይተርፋል። የተረፈውን በአዲስ ጥንስስ አራብተው እንደገና ያሞቁታል። ይህንንም ከመቶ ጊዜ በላይ ደጋገሙት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ባክቴሪያው ራሱ ሙቀት ወዳድ አለመሆኑ ነው፤ የሚሠራው በ37 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሙቀቱ ያገለገለው እንደ ወንፊት ነው። የተገኘው ዘር ብቅል ሳያሻው የበቆሎን ስታርች በቀጥታ አብላልቶ፣ ከአሥር እጅ ምርት ስድስቱን ቡታኖል፣ ሦስቱን አሴቶን፣ አንዱን ኢታኖል አድርጎ ይሰጥ ነበር።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ ኮርዳይት ለሚባለው ጭስ አልባ ባሩድ መሥሪያ አሴቶን በብርቱ ተፈለገ። እስከዚያ ጊዜ አሴቶን የሚገኘው እንጨት በማክሰል ነበርና አቅርቦቱ አልበቃም። የባሕር ኃይሉ ሚኒስቴር በ1915 ለንደን ውስጥ የሚገኝ አንድ የጂን መጥመቂያ ለሙከራ ሰጣቸው።

እውነተኛው የመሐንዲስ ፈተና የመጣው ያኔ ነው። የጠላ ጋን በወይራ ጢስ ቢታጠንም የአየሩ እርሾና ባክቴሪያ መግባቱ አይቀርም፤ ጠላው ግን ይጠጣል። በዚህ ሥራ ግን ባዕድ ተሕዋስ ከገባ የታንኩ ምርት በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በቆሎው በእንፋሎት ግፊት መቀቀል፣ ቧንቧውና ቫልቩ ሁሉ በእንፋሎት መጽዳት ነበረበት፤ የጂን መጥመቂያ ደግሞ ለዚህ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። በእኔ ግምት የዋይዝማን ትልቁ ሥራ ከባክቴሪያው ግኝት ይልቅ ንጹሕ ዘርን በፋብሪካ ደረጃ ማሠራታቸው ነው።

ሥራው በ1916 ወደ ካናዳ፣ ወደ ቶሮንቶ ተሻገረ። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን በማስጠማቸው የእንግሊዝ ሕፃናት ለጥሬ ዕቃነት የዱር ደረት ነት እንዲለቅሙ ተደረገ፤ ውጤቱ ግን አላረካም።

የባልፉር መግለጫ ለአሴቶኑ የተከፈለ ወሮታ ነው የሚለውን የሎይድ ጆርጅን ትረካ የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም።

በጦርነቱ ዘመን ፈላጊ ያጣው ቡታኖል በ1920ዎቹ ቶሎ ለሚደርቅ የመኪና ቀለም ማሟሚያ መሥሪያ ሆነና ተራው ተገለበጠ፤ አሴቶኑ ተረፈ ምርት ሆነ። ዋይዝማን በ1934 በረሖቮት የምርምር ተቋም መሥርተው በ1952 ዐረፉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ርካሽ ፔትሮሊየም ዘዴውን ከገበያ አስወጣው።

ዛሬ ባለሙያዎች የዚያው ወገን የሆነውን፣ በ60 ዲግሪ ገደማ የሚኖረውን ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ጂኑን እየለወጡ ለፋብሪካ ሥራ ያዘጋጁታል። ይህ ባክቴሪያ ገለባን በቀጥታ ይሰባብራል፤ በዚያ ሙቀትም አብዛኛው ተራ በካይ አይራባም። ያስቸገራቸው ራሱ የሚያመርተውን አልኮል ብዙ መቋቋም አለመቻሉ ነው።