ጠበቃው ሊንከንና የዶሮ አጥንት

አብርሃም ሊንከን ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ባሮችን ነጻ ማውጣቱንና በ1865 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጥይት መገደሉን ነው። ከዚያ በፊት ግን ከ20 ዓመት በላይ በኢሊኖይ በጥብቅና እንጀራውን ሲበላ ኖሯል። ሕጉንም የተማረው መጻሕፍት እየተዋሰ እንጂ ተማሪ ቤት ገብቶ አይደለም።

በ1855 በብሉሚንግተን ከተማ እሳት ተነሥቶ የጭስ መውጫ ግንብ በአንድ አናጢ ላይ ተናደና ሁለቱንም ጭኖቹን ሰበረው። ሐኪሞች ጠገኑት፤ ቀኝ እግሩ ግን ጠሞና አጥሮ ቀረ። ሊያቃኑለት ቢሞክሩ ሕመሙ ስለ ጠናበት እንዲተዉት ጠየቀ፤ ኋላም ከሰሳቸው። ሊንከን የቆመው ለሐኪሞቹ ነበር።

ችሎት ፊት የዶሮ አጥንት ይዞ ቀረበ። የቄቧ አጥንት ሲታጠፍ፣ የአሮጊቷ ዶሮ ግን ቀጭ ብሎ ሲሰበር አሳየ። የጎልማሳ አጥንት እንደ ሕፃን አይጠገንም ማለቱ ነው፤ ይህንንስ ወጌሾቻችን ሳይማሩ ያውቁታል! ክርክሩን እናደንቃለን፤ ልባችን ግን ወደ አናጢው ማዘንበሉን አንደብቅም፤ እግሩ እንጀራው ነበርና። ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆችም መስማማት አቃታቸው። ነገሩ በ1858 ያለ ፍርድ በስምምነት ተዘጋ።