የአይሮፕላንን ጩኸት በስሌት የመረመሩት ሊቅ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሰር ጄምስ ላይትሂል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 በፓሪስ ተወለዱ። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ ዕድሜያቸው 26 ነበር፤ ብዙዎቻችን ሥራ ፍለጋ ደጅ የምንጠናበት ዕድሜ መሆኑን ልብ ይሏል።

የጄት አይሮፕላን እየበዛ ሲሄድ የጩኸቱን ምንጭ አጥርቶ የሚያስረዳ ሕግ አልነበረም። እርሳቸው በ1952 ባወጡት ጽሑፍ ጩኸቱ የሚወለደው ከሞተሩ የሚወረወረው ጋዝ ከውጭው አየር ጋር ሲታመስ መሆኑን በስሌት አሳዩ። የጋዙ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የድምፁ ኃይል ወደ 256 እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ ጆሮን መድፈን ሳይሆን ብዙ አየር በዝግታ የሚገፋ ሞተር መሥራት ሆነ፤ የኋለኞቹ አፈ ሰፊ ሞተሮች ጩኸታቸው የቀነሰው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።

ሊቁ ዋናም ይወዱ ነበር። በ1973 ሳርክ የተባለችውን ደሴት ዙሪያዋን ዋኝተው ነበር፤ በ1998፥ በ74 ዓመታቸው፥ ያችኑ ደሴት በዋና ሲዞሩ ባሕር ላይ ዐረፉ።