አንድሬስ ኤስኮባር፦ ከሽንፈት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰው ተከላካይ

የኮሎምቢያዊው ተከላካይ የአንድሬስ ኤስኮባር ስም ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት በገዛ መረቡ ላይ ያስቆጠራትን አንዲት ጎልና ከቀናት በኋላ የተፈጸመበትን ግድያ ነው። በአገሩ ግን ከዚያ በፊትም በሜዳ ላይ ባሳየው ጨዋነት የተከበረ ሰው ነበር።

እአአ በ1967 በሜደሊን ከተማ የተወለደው ኤስኮባር ዝናን ያተረፈው በከተማዋ ክለብ በአትሌቲኮ ናሲዮናል ነው። ቁጥር 2 ማልያ የሚለብሰው ይህ የመሐል ተከላካይ ኳስ የሚያስጥለው በጉልበት ሳይሆን የተጋጣሚውን አካሄድ ቀድሞ በመረዳት ነበር። በ1988 በዌምብሌይ እንግሊዝ ላይ በግንባሩ ያስቆጠራት የአቻነት ጎል ለብሔራዊ ቡድኑ ያስቆጠራት ብቸኛ ጎል ሆና ቀርታለች። በዓመቱ ናሲዮናል የኮፓ ሊበርታዶሬስን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የኮሎምቢያ ክለብ ሲሆን እርሱ ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ነበር። በ1990 የጣሊያን የዓለም ዋንጫም ኮሎምቢያን ከውድድር ያሰናበታት የሮጀር ሚላ ካሜሩን ነበር።

ያ ዘመን የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ገንዘብ በአገሪቱ ክለቦች ውስጥ እንደልብ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነበር። ከእነርሱ ሁሉ የገነነው ፓብሎ ኤስኮባርም የሜደሊን ሰው ነው፤ ሁለቱ ግን ከስማቸው በቀር የሥጋ ዝምድና አልነበራቸውም።

በ1993 ኮሎምቢያ አርጀንቲናን በቦነስ አይረስ 5 ለ 0 ማሸነፏ በቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ከፍተኛ ተስፋ እንዲጣልባት አደረገ። በአሜሪካው ውድድር ግን በመክፈቻ ጨዋታዋ በሮማኒያ 3 ለ 1 ተረታች። የግድያ ዛቻ እስከ ቡድኑ ማረፊያ ሆቴል ድረስ ደረሰ። ተጫዋቾቹ ሁለተኛውን ጨዋታ የገቡት በዚህ ፍርሃት ውስጥ ሆነው ነው። ጁን 22 ቀን 1994 ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ፣ በ35ኛው ደቂቃ ኤስኮባር ከግራ የተሻማ ኳስ ለማውጣት ተንሸራቶ እግሩን ሲዘረጋ ኳሱ የራሱ መረብ ውስጥ ገባ። ኮሎምቢያ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ስዊዘርላንድን ብታሸንፍም ከምድቧ ማለፍ አልቻለችም።

ኤስኮባር ከሕዝቡ መሸሸግን አልመረጠም። ወደ ሜደሊን ተመልሶ፣ ኤል ቲየምፖ በተሰኘው ጋዜጣ ላይ ሕይወት በዚህ እንደማታበቃና መከባበር እንደሚያስፈልግ ጻፈ። ጁላይ 2 ከንጋቱ በፊት ግን በአንድ የምሽት ክበብ መኪና ማቆሚያ ስፍራ፣ ስለዚያች ጎል ከዘለፉት ሰዎች ጋር በተፈጠረ ጭቅጭቅ መካከል በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር።

በቀብሩ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ወጣ። ድርጊቱን ያመነው የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪ ወንድማማቾች ሾፌርና ጠባቂ 43 ዓመት ቢፈረድበትም ቅጣቱ ተቀንሶለት በ2005 ተፈታ። ግድያው በውርርድ የከሰሩ ሰዎች በቀል ነው ወይስ የዚያች ሌሊት ጠብ ውጤት የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

ሜደሊን በ2002 ሐውልት አቆመችለት። የኮሎምቢያ ደጋፊዎችም ስሙን የሚያነሱት በእርሱ ስህተት ለመቆጨት ሳይሆን፣ ለአንድ ጎል የሰው ነፍስ የተከፈለበትን ያን ዘመን ላለመርሳት ነው።