የሃያ አምስት ሣንቲሟ ክራር



ባለፈው ወር ለብድር ኮሚቴያችን ከቀረቡት ማመልከቻዎች አንዱን ውድቅ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። በርበሬ እየቀነጠሰች የምትተዳደር አንዲት አባላችን ለልጇ ክራር መግዣ ብድር ጠይቃ ነበር። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቅጹን አየሁና ገቢ የማያስገኝ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩበት። ኮሚቴውም በእኔ አስተያየት ተስማማ። ሴትየዋ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ ትዝ አለችኝ። እዚሁ በርበሬ በረንዳ፣ በጆንያ ተከበን፣ እኔ እያስነጠስኩ እሷ ዛላ ስትቀነጥስ፣ ከአንዲት አሮጌ ቴፕ የክራር ድምፅ ይመጣ ነበር። እናቴ በዚያ ድምፅ ድካሟን ትረሳ ነበር። ክራሩም ድምፁም የአስናቀች ወርቁ ነበር። ዛሬ ስለ እሷ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

አስናቀች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የተወለደችው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። እናቷን ገና በልጅነቷ አጣች። ያሳደገቻት የክርስትና እናቷ ናት። እናት የሌላት ልጅ በዚያ ዘመን ምን ይጠብቃት እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከመካከላችን በዚያው መንገድ ያደጉ አሉ። የመጀመሪያ ክራሯን በ25 ሣንቲም እንደገዛች ይነገራል። አስተማሪ አልነበራትም፤ መሣሪያውን ራሷ እየነካካች ለመደችው።

ክራር በዚያን ጊዜ ለሴት ልጅ የሚያስከብር ዕቃ አልነበረም። በእኛ ባህል በገና የእግዚአብሔር ማመስገኛ ነው፤ በጾም ወራት ይደረደራል። ክራር ግን የዘፈን፣ የፍቅርና የመጠጥ ቤት ተደርጎ ይታይ ነበር። አዝማሪ የሚለውም ቃል እንደ ስድብ የሚወረወር ነበር። ሜሪ አርምዴን የመሰሉ ሴቶች በዚሁ መሣሪያ ስም አትርፈዋል፤ ሆኖም አድማጩ ዘፈኑን ይወድና ዘፋኟን ይንቅ ነበር። ትዳር ፈላጊ ቤተሰብ በዘፋኝ በር አያልፍም ነበር።

አስናቀች በዚህ ላይ ሌላ ድፍረት ጨመረች። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ ቴአትር መድረክ ወጣች። ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲኖር ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ የሌላ ሴት ሚና ተጫውታ፣ አልቅሳና ስቃ እንጀራዋን ትበላለች ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። አስናቀች ይህን ሥራ ሙያቸው ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አንዷ ሆነች። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ማለት ነው። ስሟ ከዚያ ቤት ጋር ተሳስሮ ቀረ። በአንድ በኩል ተዋናይ፣ በሌላ በኩል ክራር ይዛ የምታንጎራጉር ዘፋኝ ሆና ኖረች።

ዘፈኗን ልዩ ያደረገው ግጥሙ ነው። ሌላ ሰው ጽፎ የሰጣትን ብቻ የምትዘፍን አልነበረችም። ራሷ ትገጥማለች፤ አንዳንዴም እዚያው ተቀምጣ፣ ሰው እያየች ትደረድራለች። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ቅኝት ላይ ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ታወርዳለች። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን የሚያውቀው የተነካው ሰው ነው። ስለ ፍቅሯ፣ ስለ ቅናቷ፣ ስለ ከዳት ሰው በራሷ አንደበት ተናገረች። ሴት በሆዷ ይዛ እንድትቀር የሚጠበቅባትን ነገር እሷ በስድስት የክራር ክር አወጣችው። ውበቷና አለባበሷ የከተማው ወሬ ነበር፤ ሐሜቱም አልቀረላትም። እሷ ግን ለሐሜት ብላ አልተቀየረችም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አገር በለውጥ ስትናወጥ፣ ክራሯንና ድምፅዋን በሸክላ አስቀዳች። ያ ሥራ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ርዕሱም ባለክራሯ ሴት እንደማለት ነው። በሃያ አምስት ሣንቲም የተጀመረ ሥራ ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚሰሙት ሆነ።

በመጨረሻ ዕድሜዋ ሕመም ቤት አዋላት። ያም ሆኖ ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ ለሠራችው ዘጋቢ ፊልም በካሜራ ፊት ተቀምጣ ታሪኳን ተረከች፤ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ካረፈች በኋላ ነው። መድረክ ላይ የሌሎችን ሴቶች ሕይወት ስትጫወት የኖረች ሴት በፊልም የራሷን ሕይወት ይዛ ቀረበች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ ዐረፈች።

እህቶቼ፣ አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶዬ ልመለስ። እኔ የተማርኩት ሒሳብ ወጪና ገቢ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲገናኙ ይፈልጋል። አንድ ፈረሱላ በርበሬ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተፈጭቶ ሲሸጥ ትርፉ በወሩ ይታያል። ክራር እንዲህ አይደለም። ያን የሃያ አምስት ሣንቲም ክራር በዚያ ዘመን የኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ብናገኘው፣ እኔ ነኝ ውድቅ የማደርገው። ምክንያቴንም ሒሳብ ብዬ እጠራው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እጄን የያዘው ሒሳብ ብቻ አልነበረም። ዘፈን ለጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም የሚለው የድሮ ሐሳብ እኔም ውስጥ አለ። እናቴን ያጽናናውን ድምፅ እየወደድኩ የአንዲትን እናት ልጅ ናቅሁ።

ይህን ስል ብድሩ ዝም ተብሎ ይሰጥ ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ የእናንተ ቁጠባና የደጋፊዎቻችን እርዳታ ነው፤ መመለስ አለበት። የአስናቀችም ሕይወት ሌላውን ወገን ያስተምራል፦ ጭብጨባ በባንክ አይቀመጥም፤ ጉሮሮም እጅም አንድ ቀን ይደክማል። ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። ማመልከቻው እንደገና ይታይ። ክፍያው እናቲቱ በሳምንት ከምታገኘው ጋር ተመዛዝኖ በትንሽ በትንሹ ይከፈል። ልጅቷም ክራሩን በምትቀበልበት ቀን በራሷ ስም የቁጠባ ደብተር ታውጣ። በሠርግም ሆነ በማኅበር ተጫውታ የምታገኘው የመጀመሪያ ብር እዚያ ደብተር ላይ ይግባ።

ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሰጣል። እኔ በበኩሌ ወደዚያች አባላችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ልጅቷ ጥግ ተቀምጣ፣ በቀርከሃ ዘንግና በሽቦ ራሷ የሠራችውን ነገር በጣቶቿ ትነካካ ነበር።