ዊልሄልም ሮንትገን (1845–1923)፦ አጥንትን ከሥጋ የለየው ጨረር

ሐኪም ራጅ ሲያዝልዎ ወይም ለአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ሲልክዎ፣ የሚታዩት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ባገኘው ጨረር ነው። ይህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ ይነግርዎታል፤ መሣሪያው አጥንትን ከሥጋ እንዴት እንደሚለይና ውጤቱ የሚታመነው መቼ እንደሆነም ያስረዳዎታል። ዓ.ም. ከተባለው በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 በጀርመን ሌኔፕ ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። የ3 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኔዘርላንድስ ተዛወረ። በዩትሬክት ሲማር አንድ ተማሪ በመምህሩ ላይ የሚያላግጥ ሥዕል ሳለ፤ ሮንትገን የጓደኛውን ስም አልናገርም በማለቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። በ1865 በመግቢያ ፈተና ወደ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምህንድስና ተማረ፤ በ1869 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። በ1872 አና ቤርታ ሉድቪግን አገባ፤ በ1888 ደግሞ በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ።

ለመተማ ያልደረሰው ጨረር

ሮንትገን ቩርዝቡርግ በገባ በጥቂት ወራት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት በጥይት ቆስለው አረፉ። በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር ያለ ሐኪም ጥይት ሰውነት ውስጥ የት እንደተቀበረ የሚፈልገው ቁስሉን በጣት ወይም በብረት እየነካካ ነበር። ይህም በሽተኛውን ያሠቃያል፤ ቁስሉንም ለመመርቀዝ ያጋልጣል።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ሮንትገን በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በጥቁር ወረቀት በተሸፈነና አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፣ ራቅ ብሎ የነበረ በኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ምንነቱን ስላላወቀ ጨረሩን “ኤክስ” አለው። ዲሴምበር 22 የባለቤቱን እጅ አነሣ፤ አጥንቶቿና ቀለበቷ ጎልተው ታዩ።

ግኝቱ ወዲያው ለቁስለኞች ዋለ። በ1896 ከኢትዮጵያው ጦርነት የተመለሱ ጣሊያናውያን ወታደሮች በክንዳቸው የቀረው ጥይት ኔፕልስ ውስጥ በራጅ ተገኘ። በመተማ በኩል የሚያልፈው የጓንግ ወንዝ ሱዳን ውስጥ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በዚያው በዓባይ ዳር በ1898 የእንግሊዝ ሐኪሞች የራጅ መሣሪያ ተክለው፣ ኤሌክትሪኩን ብስክሌት በማሽከርከር ያመነጩ ነበር።

ካልሲየም ለምን ነጭ ሆኖ ይታያል?

ሮንትገን በመጀመሪያው ጽሑፉ ለዛሬው የአጥንት ምርመራ መሠረት የሆነ ነገር መዝግቧል። እፍግታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ብርጭቆ፣ አሉሚኒየም፣ ኳርትዝና ካልሳይት በእኩል ውፍረት አስቀምጦ ጨረር አሳለፈባቸው። ሦስቱ ተመሳሳይ ሲሆኑ ካልሳይት ግን ጨረሩን ይበልጥ አገደ። ስለዚህ የሚወስነው እፍግታ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከምን እንደተሠራም ነው። ካልሳይት ካልሲየም አለበት፤ አጥንትዎም እንዲሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሕክምና የቀረበው ዴክሳ የሚባለው መሣሪያ በዚህ ልዩነት ይሠራል። አንድ ዓይነት ጨረር ብቻ ቢላክ ቀጭን አጥንት በወፍራም ሥጋ ውስጥ ይሁን፣ ወፍራም አጥንት በቀጭን ሥጋ ውስጥ ይሁን መለየት አይቻልም። ዴክሳ ግን ደካማና ጠንካራ ሁለት ጨረሮችን ይልካል። ደካማውን አጥንት ከሥጋ እጅግ አብልጦ ያግደዋል፤ በጠንካራው ግን ልዩነታቸው ይጠባል። መሣሪያው ሁለቱን ልኬቶች አነጻጽሮ፣ ከአጥንቱ ጎን ባለው ሥጋና ስብ መሠረት የሥጋውን ድርሻ ይቀንሳል፤ የሚቀረው የአጥንቱ ነው።

ሚዛኑ ካልተፈተሸ

መተማ ገበያ ላይ ሰሊጥ የሚመዘንበት ሚዛን ክብደቱ በታወቀ ነገር ካልተፈተሸ ገበሬውንም ነጋዴውንም ይጎዳል። ዴክሳም እንደዚሁ ነው። ባለሙያዎች የካልሲየም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ሰው ሠራሽ አከርካሪ በመሣሪያው ላይ በየጊዜው ያነሣሉ። ቁጥሩ ከታወቀው ከራቀ መሣሪያው ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ግን ጤነኛው ያለ በሽታው መድኃኒት ሊጀምር፣ አጥንቱ የሳሳው ደግሞ ደኅና ነህ ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ ሁሉም ይጠቀምበት ብሎም በግኝቱ ላይ የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም። ባለቤቱ በ1919 ሞተችበት፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተነሣው የዋጋ ንረት ያጠራቀመው ገንዘብ ከንቱ ሆነ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 ሙኒክ ውስጥ በአንጀት ካንሰር አረፈ።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

• የዴክሳ ጨረር መጠን ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። ቢሆንም እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ አስቀድመው ይናገሩ።
• ምርመራው ከመደረጉ በፊት ባለው 24 ሰዓት የካልሲየም ክኒን አይውሰዱ። በቅርቡ ባሪየም ጠጥተው የሆድ ራጅ ተነሥተው ከሆነ ያሳውቁ፤ በሥጋው ላይ እንደ አጥንት ሊቆጠር ይችላል።
• ቲ-ስኮር የሚባለውን ቁጥር ይጠይቁ። ካረጡ ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ወንዶች −1 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ በ−1 እና በ−2.5 መካከል አጥንቱ መቀነሱን፣ −2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳትን ያመለክታል።
• ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃ ወይም ከቋራ ሩቅ ተጉዘው ከታዩ ውጤቱን በወረቀት ይዘው ይመለሱ። ክትትሉ ከተቻለ በዚያው መሣሪያ ይሁን፤ የሁለት መሣሪያዎች ቁጥር በቀጥታ አይነጻጸርም።
• ኮርቲዞን ወይም ቴኖፎቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ፣ ወይም በቀላል መውደቅ አጥንትዎ ከተሰበረ፣ ምርመራው ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መድኃኒትዎን ግን በራስዎ አያቋርጡ።