ደምን ከኩላሊት ጋር ያገናኙት ሐኪም

ኩላሊቷ የደከመ አክስቴን ለእጥበት ሳመላልስ ነርሷ በየጊዜው አንዲት ትንሽ መርፌ ትወጋት ነበር። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ደም እንዲሠራላት ነው ተባልኩ። ኩላሊትና ደም ምን አገናኛቸው? እኔ ኩላሊትን የማውቀው ሽንት በማጣራት ብቻ ነበር። መልሱን ስፈልግ ዶክተር ሊዮን ጃኮብሰንን አገኘሁ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃኮብሰን በ1911 በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሲምስ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተወለዱ። ገንዘብ ቢያጥራቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው አንድ ክፍል ብቻ ባለው የገጠር ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ተስፋ ግን አልቆረጡም፤ በ1939 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአቶም ቦምቡ ምርምር ቺካጎ ውስጥም ይካሄድ ነበር። የጃኮብሰን ሥራ ታዲያ ቦምቡን መሥራት ሳይሆን የሠራተኞቹን ጤና መጠበቅ ነበር። ጨረር ደም የሚመረትበትን መቅኔ እንደሚጎዳ ያዩት እዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ሸፍነው ገዳይ መጠን ያለው ጨረር ለቀቁባቸው፤ ብዙዎቹ ዳኑ። ጃኮብሰን ያዳናቸው ከጣፊያው የሚወጣ ንጥረ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። ኋላ ላይ ሲጣራ ግን ያዳናቸው ሕያው ሴሎች ሆነው ተገኙ። ግምቱ ቢስትም ሙከራው ለመቅኔ ንቅለ ተከላ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ1906 ፖል ካርኖና ክሎቲልድ ዴፍላንድር የተባሉ ፈረንሳውያን፣ ደም የፈሰሳት ጥንቸል ሰውነት ውስጥ ደም ምረት ብሎ የሚያዝ ንጥረ ነገር አለ ብለው ነበር። በ1953 አለን ኧርስሌቭ ይህንኑ አጠናከሩት። ታዲያ ይህን መልእክት የሚልከው የትኛው አካል ነው? ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ጃኮብሰንና ባልደረቦቻቸው ከአይጦች ላይ የተለያዩ አካላትን አወጡ፤ ከአንዱ ፒቱታሪ ዕጢን፣ ከአንዱ ታይሮይድን፣ ከሌላው ጣፊያን። ከዚያ አይጦቹን እያደሙ ወይም ኮባልት እየወጉ ንጥረ ነገሩ መጨመር አለመጨመሩን አዩ። ሌሎቹ ሁሉ ሲጨምሩ ኩላሊት የሌላቸው አይጦች ብቻ ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ አገኘሁት ማለት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ጠረጠሩ። ኩላሊት ሲወጣ ቆሻሻ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምርቱን ያቆመው እሱ ቢሆንስ? ስለዚህ የሌሎች አይጦችን ኩላሊት ሳያወጡ፣ ሽንት ወደ ፊኛ የሚወርድባቸውን ቱቦዎች ብቻ አሰሩ። ቆሻሻው እንደዚያው ተጠራቀመ፤ አይጦቹ ግን ንጥረ ነገሩን አመረቱ። ለካ ነገሩ ከራሱ ከኩላሊት ነው! ውጤቱ በ1957 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲቀንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኔም ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል። አንድ ቀይ ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም ተተኪ ይጠፋል። እጥበት ቆሻሻውን ያጣራል እንጂ ሆርሞኑን አይመልስም። ለዚህ ነው ድሮ ብዙ ታማሚዎች በሌላ ሰው ደም ይደገፉ የነበሩት።

ሆርሞኑን አጥርቶ ማውጣት የባልደረባቸው የዩጂን ጎልድዋሰር ድርሻ ሆነ። እሱም 20 ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በ1977 የተሳካው ከ2,550 ሊትር የታማሚዎች ሽንት ነው። በ1989 መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጃኮብሰን ይህን አይተው በ1992 አረፉ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መረጃን ከሁለተኛ ምንጭ አረጋግጡ ሲሉን እንሰለቻለን። እኔ ግን ያቺን ቱቦ የማሰር ሙከራ ካነበብኩ ወዲህ ምክሩ ገብቶኛል። ጃኮብሰን ለራሳቸው ግኝት ሁለተኛ ምንጭ ጠየቁ፤ የአክስቴም መርፌ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። አሁን ደረጃ ስትወጣ እንደ ድሮው ሦስት ጊዜ አታርፍም።