አሸናፊ ከበደ፦ የእረኛውን ዜማ ለኦርኬስትራ ያበቁ ሊቅ

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በኖታ እንዲጻፍ፣ በትምህርት ቤት እንዲሰጥና በዓለም መድረክ እንዲሰማ ከደከሙ ባለሙያዎች መካከል ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ።

በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን በኖታ የሚጫወቱት በአብዛኛው የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ነበሩ። አዝማሪው ደግሞ ጥበቡን ከቤተሰቡ በጆሮ ይወርሳል፤ በሙያውም ይናቃል። አሸናፊ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር በመሆን ለሁለቱም የሚሆን ቤት አቆሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በዚህ ተቋም ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጎን ለጎን ይሰጣሉ።

በድርሰቶቻቸውም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። «እረኛው ዋሽንት ነፊ» በተሰኘው ሥራቸው የገጠሩን እረኛ ዜማ ለኦርኬስትራ አበቁ። «ኮቱራሲያ» በተባለው ድርሰታቸው ደግሞ የጃፓኖችን ባለክር መሣሪያ ኮቶን ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አዋሐዱ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የመሰሉት ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው፤ የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም እንዲሁ በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ስልቶች አሉት። አሸናፊ ሁለቱን ሩቅ አገሮች ያገናኙት በዚህ ዝምድና ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በቡዳፔስት የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መርተዋል። የአገሬውን የሕዝብ ዜማ ሰብስቦ ለኦርኬስትራ ካበቃው ከዞልታን ኮዳይ ጋር በማመሳሰልም ሃንጋሪዎች ጥቁሩ ኮዳይ ብለዋቸዋል።

ከዚያም ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ባቀረቡት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በገና የእግዚአብሔር ማመስገኛ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ መወቀሱን የመረመረው ጽሑፋቸው ከሚታወቁት ጥናቶቻቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ መሠረት የሚተነትን መጽሐፍ አሳትመዋል። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ያገለገሉ ሲሆን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ባህል የሚያጠናውን ማዕከልም መርተዋል።

ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም. ከአገራቸው ርቀው በአሜሪካ አረፉ። ኦርኬስትራ የሚሹት ድርሰቶቻቸው በአገራቸው መድረክ እምብዛም አይሰሙም፤ ትምህርት ቤታቸው ግን ዛሬም ሙዚቀኛ ያፈራል። የእረኛውን ዜማ ከኖታው አንሥቶ ዳግም የማሰማቱ አደራ የወደቀውም በእነዚሁ ተማሪዎች ላይ ነው።